«አይምታታብህም ወይ?» ለምትሉኝ

ጠረጴዛዬ ላይ ዕልባት ገብቶባቸው የተደረደሩትን መጻሕፍት ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው እየመጣ ነው፦ «ይሄን ሁሉ በአንዴ ታነባለህ? አይምታታብህም ወይ?» አንዱ ወዳጄማ ጨከን ብሎ «ሁሉንም ጀምረህ አንዱንም አትጨርስም ማለት ነው» ብሎኛል። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ላስረዳ። ረዘም ይላል፤ ሃይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆማችሁ ግን ጊዜው አላችሁ።

ስልቱን ከምሁር አልተማርኩትም፤ ከእናቴ ነው ያየሁት። እናቴ ልቦለድ ይዛ አታውቅም። «አንባቢ ነሽ» ብትሏት የምታሾፉባት ነው የሚመስላት። ነገር ግን ብዙ መጽሐፍ ጎን ለጎን ይዞ በመዝለቅ ሀና ማርያም ውስጥ የሚስተካከላት አላውቅም፣ የእድር ጓደኞቿ ካልሆኑ በቀር። ጠዋት ዳዊቷን ከማኅደሩ ታወጣለች። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ እየተባለ በ15 ንጉሥ ይከፈላል። ስለዚህ «ዛሬ ስንት ገጽ ላንብብ?» የሚባል ጭንቀት የለም፤ ድርሻው ድሮ ተቆርጦ አልቋል። ከዳዊቱ ቀጥሎ ውዳሴ ማርያም አለ፤ እሱም ከሰኞ እስከ እሑድ የየዕለት ክፍል አለው። ከዚያ ወሩ እየዞረ ሲሄድ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በ12 ድርሳነ ሚካኤል፣ በ19 ድርሳነ ገብርኤል፣ በ21 ተአምረ ማርያም፣ በ23 ገድለ ጊዮርጊስ፣ በ24 ገድለ ተክለ ሃይማኖት። በ11 ሐናና ኢያቄም ይታሰባሉ፤ ሰፈራችን የሚጠራው በቅድስት ሐና ስም ነውና ያን ቀን ጸሎቷ ረዘም ይላል፤ ቡናው ይዘገያል፤ እኛም ዝም ብለን እንጠብቃለን።

እንግዲህ ቁጠሩት። ድርሳነ ሚካኤልን ወር ሙሉ ሳትነካው ቆይታ በ12 ስትከፍተው «የት ነበርኩ?» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ከድርሳነ ገብርኤሉ ጋርም ተምታቶባት አያውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መጽሐፉ ከቀኑ ጋር ታስሯል። ቀኑ ሲደርስ መጽሐፉን ማስታወስ አያስፈልጋትም፤ ቀኑ ራሱ ይዞት ይመጣል። እርግጥ እሷ የምታነበው ደጋግማ የምታውቀውን ነው፤ እኔ ደግሞ መጨረሻውን የማላውቀውን። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ቢሆንም መሠረቱ ያው ነው፤ መጽሐፍ ሰዓትና ቦታ ካለው ከሌላው ጋር አይጣላም።

ይህ የእናቴ ብቻ ብልሃት እንዳይመስላችሁ። ቁርኣን በ30 ጁዝእ የተከፈለ ነው፤ በረመዳን በቀን አንድ ጁዝእ የያዘ ሰው ወሩ ሲያልቅ ያኸትማል። ሌላ ሥራ አለው፣ ሌላ የሚያነበው አለው፤ ያቺ ድርሻ ግን አትነካም። በአብነት ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ቀን ቀን ፊደለ ሐዋርያውን፣ ወንጌለ ዮሐንሱን፣ በኋላም ዳዊቱን መጽሐፍ ዘርግቶ በዓይኑ ይከተላል። ማታ ሲመሽ መብራት በሌለበት የቃል ትምህርት ይጀመራል፤ ውዳሴ ማርያሙን፣ የመልክእ ጸሎቱን ከመምህሩ ወይም ከታላቁ ተማሪ አፍ እየተቀበለ በጆሮው ይይዛል። ቀን አንድ መጽሐፍ፣ ማታ ሌላ መጽሐፍ፤ አንዱ በዓይን፣ አንዱ በጆሮ። ሊቃውንቱ ይህን ሥርዓት ይዘው ትውልድ አስተምረዋል፤ እኛ ሁለት ልቦለድ ስንጀምር ነው አእምሮ የሚቃወሰው?

የዓይንና የጆሮው ነገር በዘመናዊውም ንባብ ሠርቷል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ አገሩ በሙሉ መጽሐፉን እየቆራረሰ ነበር የሰማው። ሰዉ በመካከሉ ጋዜጣ ያነብ ነበር፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ያጠና ነበር፣ ሌላ ልቦለድ ይከራይ ነበር። ክፍሉ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ግን በዛብህን ከየትኛው መንገድ ላይ እንደተወው አይጠፋውም። እንዲያውም በመካከሉ ያለው ጊዜ ነው ሰውን ስለ ሰብለ ወንጌል እንዲከራከር ያደረገው።

ታዲያ «አንዱን ሳትጨርስ ሌላ አትጀምር» የሚለው ሕግ ከየት መጣ? የእኔ ግምት ከእጥረት ነው። መጽሐፍ በኪራይ ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባደረ ቁጥር ሒሳቡ ይጨምራል። ሁለት ተከራይቶ ጎን ለጎን ማንበብ ለሁለቱም በእጥፍ መክፈል ነው። ስለዚህ አንዱን ይዘህ ሌሊቱን ትጋፈጠውና ጠዋት ትመልሳለህ። «ኦሮማይ» ደግሞ አለላችሁ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. አሳትሞት ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ያመለጡት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የደረሰው ሰው ቶሎ አንብቦ ማሳለፍ ነበረበት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞ «ነገ ደግሞ ሌላውን አነባለሁ» የሚል የለም። የታላላቆቻችን የአንድ ትንፋሽ ንባብ በእርግጥ ያስቀናል፤ ግን ወደው የመረጡት ብቻ አልነበረም። ዛሬ መጽሐፍ ቢወደድም የተዋስኩት አለ፣ የገዛሁት አለ፣ በየመንገዱ ክንዱ ላይ ከምሮ ከሚዞረው አዟሪ ተከራክሬ ያመጣሁት አለ። ጊዜ ቆጣሪ የለብኝም፤ ከተዋስኩት በስተቀር። የተዋስኩት መጽሐፍ ምንጊዜም ቅድሚያ አለው፤ ባለቤቱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መሸሽ አልወድም።

ወደ እኔ አከፋፈል ልምጣ። ለታክሲ የምይዘው አጭር አጭር የሆነውን ነው። ከሀና ማርያም ሜክሲኮ ድረስ መንገዱ ሲዘጋም ሲከፈትም ሐሳቡ ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከወግ የተሻለ አላገኘሁም። የመስፍን ሀብተማርያምን «የቡና ቤት ስዕሎች» በዚህ መንገድ ነው የጨረስኩት። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል አንገቴን ቀና ባደርግ የሚጠፋኝ የታሪክ ክር የለም። ወፍራም ልቦለድ ታክሲ ውስጥ አይሆንም። የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» ተጨናንቆ በተቀመጠ ሰው ጭን ላይ መዘርጋት ጎረቤትን መበደል ነው። እሱ ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚነበበው። መብራት ከጠፋ ጥሩ፤ ሻማ ይበራና የሚረብሽ ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛው ቦታ የማጣቀሻው ነው፤ ከጠረጴዛ የማይነሳው። ብዙዎቻችሁ ያልጠበቃችሁት ጥቅም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዳግም ሳነብ ጎን ለጎን የያዝኩት የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» ነበር። በ1942 ዓ.ም. የታተመ፣ የመሬት ስሪቱን፣ የግብሩን ዓይነት፣ የቤተ መንግሥቱን ደንብ እያንዳንዱን በዝርዝር የያዘ ድርሳን ነው። በተከታታይ እናንብበው ብትሉ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ግን ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቹን የሚጠይቁት መብልና መጠጥ ሲበዛና አበጀ በለው ሲነሳ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በስላቅ የሚነግረንን ሥርዓት ማኅተመ ሥላሴ ሳይስቅ በሰንጠረዥ ያስቀምጠዋል። ያን ጊዜ የጉዱ ካሳ ንግግር የአንድ ለየት ያለ ሰው ምሬት መሆኑ ይቀርና ስሌት ያለው ክስ ይሆናል። ሁለቱን በተለያየ ዓመት ባነብ ኖሮ ይህ ግንኙነት የሚያመልጠኝ ይመስለኛል። «ኦሮማይ»ንም የሚያነብ ሰው ከደርጉ ባለሥልጣን ከፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ጋር አቆራኝቶ ይሞክረው፤ ልቦለዱ ውስጥ ያለው ዘመን ከባለሥልጣኑ ወንበር ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ ማን ምን ብሎ እንዳለፈው ያያል። ማን ምን እንደዘለለም።

አዳም ረታ እንዲያውም ይህን ዓይነቱን ንባብ ራሱ ይጠይቃል። «ሕፅናዊነት» ብሎ የሰየመው አጻጻፉ ከእንጀራ የተቀዳ ነው፤ እንደ እንጀራው ዓይን ታሪኮቹ አንዱ ወደ ሌላው ይከፈታሉ፣ በአንዱ በጨረፍታ ያለፈ ሰው በሌላው ተመልሶ ይመጣል። አንዱን መጽሐፍ ዘግቶ መደርደሪያ ላይ ሰቅሎ ለሚረሳ አንባቢ ይህ ሁሉ ድካም ይባክናል።

አሁን ወደ «ይምታታል» ልመለስ፤ አዎ፣ የሚምታታ አለ። አንድ ዓይነት የሆኑት ናቸው የሚምታቱት። የበዓሉን «ከአድማስ ባሻገር» እና «ኦሮማይ» በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ብትቀላቅሉ አበራ ወርቁና ፀጋዬ ኃይለማርያም አንድ ቡና ቤት ገብተው አብረው መጠጣት ይጀምራሉ። የደራሲው ድምፅ አንድ፣ አንባቢው አንድ፤ የሚለያቸው አጥር የለም። የአለማየሁ ዋሴን «እመጓ» እና «ዝጎራ»ም እንደዚያው፤ በተርታ እንጂ ጎን ለጎን አይሆኑም። ሁለት የታሪክ መጽሐፍ፣ ሁለት የሥነ ልቦና ምክር፣ ሁለት ትርጉም ልቦለድ አብሬ አልይዝም። ልቦለድና ታሪክ፣ ወግና ማጣቀሻ ግን በአንድ ጎጆ ያድራሉ።

ሳይንሱን ለምትወዱ አንድ ነገር ልጣል። ኮርኔልና ቢዮርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለሰዎች የ12 ሠዓሊዎችን ሥዕሎች አሳዩ፤ የአንዳንዶቹን ሠዓሊዎች ሥራ በተከታታይ፣ የሌሎቹን ደግሞ እያቀላቀሉ። አዲስ ሥዕል አምጥተው «ይሄ የማን ነው?» ሲሏቸው ተቀላቅለው ያዩዋቸውን ሠዓሊዎች ይበልጥ ለዩ። አስገራሚው ግን ብዙዎቹ ራሳቸው «በተከታታይ ያየነው ነው የገባን» ማለታቸው ነው። ሥዕል ልቦለድ አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ይዛችሁ ከማንም ጋር አትከራከሩ። እኔ የምወስደው ይህን ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ መልክ ከሌላው የሚለይበት ቦታ ጎልቶ ይወጣል። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ከበዓሉ ቀላል፣ የሚሮጥ አማርኛ አጠገብ ስታነቡት ዳኛቸው ዓረፍተ ነገሩን ለምን እንዲያ እንደሚያከብደው ጆሯችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሁለቱም፣ «አደፍርስ»ና «ከአድማስ ባሻገር»፣ የወጡት በ1962 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት የተለያዩ አማርኛዎች።

(በነገራችን ላይ በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። አጎስቲኖ ራሜሊ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ በ1588 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንደ ወፍጮ መንኮራኩር የሚሽከረከር የመጻሕፍት ማስቀመጫ ሥዕል አለ፤ አንባቢው ከወንበሩ ሳይነሳ እያሽከረከረ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገርበታል። ሥዕሉን ፈልጋችሁ እዩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን አይገባም።)

«ከየት ታቆማለህ፣ እንዴትስ ታስታውሳለህ?» ለምትሉ፦ ምዕራፍ መሐል አላቆምም። ቢያንስ ትዕይንቱ እስኪያልቅ እታገሣለሁ። ከዚያ ዕልባቱ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ማን፣ የት፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ። ዕልባቱ ተራ ወረቀት ነው፣ የሱቅ ደረሰኝም ይሆናል። ስመለስ ያቺ መስመር ትበቃኛለች። ለረጅም ጊዜ ያልከፈትኩት መጽሐፍ ካለና መስመሯን አንብቤ ምንም ካልተሰማኝ፣ ያ መጽሐፍ አልያዘኝም ማለት ነው፤ ያለ ጸጸት እመልሰዋለሁ። አንድ መጽሐፍ ብቻ የያዘ ሰው የማይጥመውን ከነመራራው እየጋተ ወር ያሳልፋል፣ ከዚያ «ማንበብ ተውኩ» ይላል። ያልያዘው ግን ያ መጽሐፍ ነው እንጂ ንባብ አይደለም።

ስልክ ላይ የማነበው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ፒዲኤፉን ላክልን» አትበሉኝ፤ ባነበውም አልክም። በየቻናሉ ተገልብጠው የሚዞሩት አብዛኞቹ ደራሲው ሳያውቅ የተነሱ ናቸው። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ገዝታችሁ ወይ ተዋውሳችሁ አንብቡ። አቅም ካጠረ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ወይ ወመዘክር አለ።

አንድ የማልጥሰው ገደብ አለኝ። ልቦለዱ ወደ መጨረሻው ሩብ ሲገባ ሌሎቹን ሁሉ አቆማለሁ፤ ወጉም ከቦርሳዬ ይወጣል፣ «ዝክረ ነገር»ም ይከደናል። እዚያ ጋ መከፋፈል ንፉግነት ነው። የአዳምን መጽሐፍ ይዤ ትናንት ማታ እዚያው ሩብ ላይ ደርሻለሁ። እስከ ቅዳሜ ቻናሉ ላይ ከጠፋሁ በሰላም ነው፤ የለጠፋችሁልኝን አስተያየት ከዚያ በኋላ እመልሳለሁ።