ሳቅ የማይለምነው ዣክ ታቲ

ኮሜዲ ፊልም ለድምፅ ሥራ ወደ ስቱዲዮ ሲመጣ አብሮት የማይቀር ትእዛዝ አለ፤ «እዚህ ጋ የሚያስቅ ሙዚቃ አስገባበት።» ዳይሬክተሩ ቀልዱ ተመልካቹን እንዳያልፈው ሰግቷል፤ ሙዚቃው ጎሸም አድርጎ «አሁን ሳቅ» እንዲልለት ይፈልጋል። ይህን የድምፅ ሙያ ካስወደዱኝ ሰዎች አንዱ ግን ተመልካቹን እንዲህ አልናቀም። ፈረንሳዊው ዣክ ታቲ በድምፅ ያስቅ ነበር እንጂ በድምፅ ሳቅ አይለምንም ነበር።

ታቲ እ.ኤ.አ. በ1907 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ለ ፔክ ተወለደ። በወጣትነቱ ራግቢ ይጫወት ነበር። የስፖርተኞችን አኳኋን ያለ ንግግር እያስመሰለ ማሳቁ በ1930ዎቹ መድረክ ላይ አወጣው። በ1949 ለእይታ በበቃው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ በብስክሌት የሚክለፈለፍ የመንደር ፖስተኛ ሆነ። በ1953 ደግሞ «የሙሴ ኡሎ የዕረፍት ቀናት» መጣ። ታቲ ራሱ የሚጫወተውን፣ ፒፓውን ነክሶ ወደ ፊት ዘመም ብሎ የሚራመደውን ኡሎን ዓለም ያወቀው በዚህ ፊልም ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ባቡር ጣቢያ ነን። ድምፅ ማጉያው ያወራል፤ ቃሉ ግን አይለይም። መንገደኛው ከነጓዙ ከአንዱ መሳፈሪያ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ባቡሩ በሌላ በኩል ይመጣል። አንድም ቀልድ አልተነገረም። ሆቴሉ ውስጥ ደግሞ አስተናጋጅ ባለፈ ቁጥር የመመገቢያ ክፍሉ በር እንደ ተነካ የክራር ክር ድም ይላል። ታቲ ይህን ድምፅ አያብራራም፤ ይደጋግመዋል። ሳቁ ሲደርስ ራሱ ይመጣል።

ምስጢሩ አሠራሩ ላይ ነው። ታቲ በቀረጻ ቦታ ለተቀዳ ድምፅ እጅ አልሰጠም። ምስሉ ካለቀ በኋላ እርምጃውን፣ በሩን፣ ጉርምርምታውን እየነጠለ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ አዲስ ይሠራው ነበር። ንግግሩን እንኳ ዝቅ አድርጎ ከሌላው ድምፅ ጋር እኩል ያደርገዋል። በኋላ በሠራው ፊልሙ በ«ፕሌይታይም» አንድ ሠራተኛ በረጅሙ ኮሪደር ሲመጣ የጫማው ኳኳታ ብቻ የሚያስቀን ለዚህ ነው፤ በእንግዳ መቀበያው ያለው ወንበር ሲቀመጡበት የሚያወጣው ትንፋሽም እንዲሁ።

ጥንቃቄው ዋጋ አስከፍሎታል። በ1958 የሠራው «አጎቴ» በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አስገኝቶለት ነበር። በዚያ ስም ተማምኖ ለ«ፕሌይታይም» በፓሪስ ዳርቻ ከመስታወትና ከብረት ትንሽ ከተማ አስገነባ፤ በ70 ሚሊሜትር ፊልም ቀረጸ። በ1964 የተጀመረው ሥራ ለእይታ የበቃው በ1967 ነው። ተመልካቹ እንደታሰበው አልመጣም። ታቲ በዕዳ ተያዘ፤ የፊልሞቹን መብት አጣ። በ1982 ሲያርፍ የተወልን ረጅም ፊልም ስድስት ብቻ ነው።

የእኛ ፕሮዲዩሰሮች ዕዳውን እንዲወርሱ አልመክርም። የምለምናቸው ርካሹን ነገር ነው። የድምፅ ባለሙያውን ስክሪፕቱ ገና ሲነበብ ጥሩት፤ የትኛው በር ሲጥ እንደሚል፣ የማን ጫማ እንደሚሰማ፣ የቱ ጋ ጸጥታ እንደሚሆን አብራችሁ ወስኑ። ቀረጻው ካበቃ በኋላ በተረፈ ገንዘብና በተረፈች ሳምንት የሚሠራ ድምፅ ሙዚቃ ከመደረት አያልፍም።