ስለ ሞተር ሳይክል አጠባበቅና ስለ መንገድ ዕቃው



ወረታ የመንገድ መገናኛ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አውራ ጎዳና በከተማችን ያልፋል፤ በዓለም በርና በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው፥ ታላላቆቻችን «የቻይና መንገድ» የሚሉትም መነሻው ከዚሁ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ከጣና ዳር ቀበሌዎች ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣውን፥ ሰው አፈናጥጦ ወደ ገበያ የሚገሠግሠውን፥ አንዳንድ ጊዜም ከሩቅ አገር ተነሥቶ ዓለምን በሁለት ጎማ የሚዞረውን እንግዳ ባለሞተር ያያል። ነገር ግን ሞተር ሳይክል የሚነዳው ብዙ ሲሆን አጠባበቁን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔም ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በቤታችን ከደረሰው ነገር የተነሣ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ በሬ ሸጦ አገልግሎት ላይ የቆየ ሞተር ሳይክል ገዛ። በእርሱም ሽንኩርትና ቲማቲም ከገጠር እያመጣ ይነግድ ስለ ነበር ሞተሩ የቤታችን እንጀራ ሆነ። ወንድሜም ደስ ብሎት በቀይና በሰማያዊ የሚበራ አምፑል፥ እንደ ከባድ መኪና የሚጮኽ ክላክስ፥ ዘርፍ ያለው የመቀመጫ ልብስ ገዛለት። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር እናታችንን ለሕክምና ወደ ደብረ ታቦር ሲወስዳት፥ ዓለም በርን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ካቴናው ተበጠሰ። የተበጠሰውም ካቴና በኋላው ጎማ ላይ ተጠምጥሞ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያዘውና ሁለቱም ወደቁ። ከኋላ ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና ጥቂት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ወንድሜ በጭረት አመለጠ፤ የእናቴ ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ። እስከ ዛሬም እንጀራ የምትጋግረው በግራ እጇ ነው።

ሞተሩን ያየው መካኒክ የተበጠሰውን ካቴና በእጁ ይዞ፥ «ልጄ፥ ካቴናው አልከዳህም፤ የከዳኸው አንተ ነህ። ስንት ወር ሲንኳኳ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ መልስ አልነበረውም፤ ከሰኔ ጀምሮ ይንኳኳ ነበርና። ለአምፑልና ለክላክስ የወጣው ገንዘብ ለአዲስ ካቴና በበቃ ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው ለካ ለባለሞተርም ነው! ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያው መካኒክ ዘንድ እየሄድሁ፥ ቁልፍና ፒንሳ እያቀበልሁ የተማርሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ስለ ስሞቹ ጥቂት ቃል

በጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው ብዙዎቹ ቃላት የጣልያን ቋንቋ ናቸው። ካቴና ማለት ሰንሰለት፥ ካንዴላ ማለት ሻማ፥ ፎሌ ማለት ዕብድ ማለት ነው። ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ በከንቱ ስለሚዞር «ዕብድ» አሉት። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ መኪናና ጋራዥ በብዛት ስለ ገባ ስሞቹም ከዚያው ጋር ተስፋፉ። ወራሪው ሄደ፤ ካቴናው ግን ቀረ።

1ኛ፤ የማለዳ ምርመራ

በአፍሪካ አገሮች ለጤና ሠራተኞች ሞተር ሳይክል አያያዝ የሚያስተምር ራይደርስ ፎር ሄልዝ የሚባል ድርጅት በ1980ዎቹ ዓ.ም. በሌሶቶ ተራሮች ሥራውን ሲጀምር፥ ትምህርቱ ሞተር የሚጠገነው ከተሰበረ በኋላ ሳይሆን ሳይሰበር መሆን አለበት የሚል ነበር። የእኛም አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ማንኛውም ባለሞተር በየማለዳው ከመነሣቱ በፊት አምስት ነገር ይመልከት፤ ነዳጁንና ዘይቱን፥ ቅባት የሚሹትን ክፍሎች፥ መስተካከል የሚገባቸውን ገመዶችና ካቴናውን፥ ብሎንና ዳዶውን፥ በመጨረሻም ፍሬኑንና ጎማውን። ይህ ሁሉ ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም።

2ኛ፤ ካቴና

ካቴና ሲጠብቅም ሲላላም ክፉ ነው። የሚለካው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ፥ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ፥ የካቴናው የታችኛው ክፍል በመካከሉ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀነቃል። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ንቅናቄው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደኅና ነው። ረጅም ሞላ ያላቸው የገጠር ሞተሮች ከዚህ የበለጠ ልቅነት ይፈልጋሉ፤ ልኩ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል። ጎማውን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ በብዙ ቦታ መለካት ይገባል፤ ካቴና በሁሉም በኩል እኩል አያረጅምና። ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና ሁለት ሰው ሲቀመጥ ይወጠርና ኩሽኔታውን ይበላል፤ የላላ ግን ከጥርሱ ይወጣል። በእኛ ቤት የደረሰውን ያስታውሷል።

ካቴናው የሚዞርባቸው የብረት ጥርሶች እንደ ማጭድ ጥርስ ወደ አንድ ወገን ከጎበጡ አልቀዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ካቴናውንና ጥርሶቹን አብሮ መለወጥ እንጂ አዲሱን ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ መግጠም ገንዘብን ማባከን ነው። የካቴናው መጋጠሚያ ትንሽ የብረት መቆለፊያ አላት፤ ዝግ የሆነው ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ አለዚያ አንድ ድንጋይ ነክቶ ያወልቃታል።

ካቴናውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥቦ፥ አድርቆ፥ የካምቢዮ ዘይት በስሱ መቀባት በየ500 ኪሎ ሜትሩ፥ በክረምት ግን ከጭቃ ጉዞ በኋላ ሁሉ ይገባል። ሞተሩ እየሠራ በጨርቅ መጥረግ ጣት ያስቆርጣልና ፈጽሞ አይደረግ።

3ኛ፤ የአየር ፊልትሮ

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰውንም አየር የሚያጣራለት ፊልትሮ ነው። የፎገራ ሜዳ ባለሞተር ለዚህ ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በወረታ ዙሪያ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ብዙ ናቸው፤ በአጠገባቸውም የሩዝ ቅርፊት እንደ ኮረብታ ተከምሮ በበጋ ነፋስ ይበናል። የሩዝ ቅርፊት ሲሊካ የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት ያለበት ነው፤ ሲሊካም አሸዋ ራሱ የተሠራበት ነው። እንግዲህ ይህ ብናኝ ወደ ሲሊንደር ቢገባ ፒስተኑንና ፋሻውን እንደ ሞረድ ይፍቃል ማለት ነው። ሞተሩም ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጢስ ማውጣት ይጀምራል።

ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ወይም በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፥ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፥ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያም ጥቂት ዘይት ይቀባል። የወረቀት ከሆነ ግን አይታጠብም፤ በቀስታ ይራገፋል፥ ሲያረጅም ይለወጣል። በቤንዚን ማጠብ እሳት ያስነሣልና አይገባም። ፊልትሮውን አውጥቶ ያለ ፊልትሮ መንዳት ኀይል ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ እነርሱ ሞተራቸውን አሸዋ ያበላሉ።

4ኛ፤ ዘይትና ካንዴላ

ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱ በሆዱ ውስጥ ነው፤ ባለ ሁለት ምት ግን ከነዳጁ ጋር አብሮ የሚቃጠል የራሱ ዘይት አለው። ባለሞተሩ የራሱ ሞተር የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ይወቅ። ባለ አራት ምቱ ትንሽ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ጥቂት ቢጎድል ጉዳቱ ብዙ ነው። ዘይቱ የሚታየው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው፤ በአንድ እግሩ አጋድሎ የሚያይ ይሳሳታል። የሚለወጠውም ሞተሩ ሞቅ ሲል ነው፤ ቆሻሻው አብሮ ይወርዳልና። ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

የተቃጠለውን ዘይት በቦይ ወይም በጉማራና በርብ ወንዝ ዳር መድፋት ነውር ነው። ከዚያ ውሃ ሩዛችን ይጠጣል፥ የፎገራ ከብቶቻችንም ይጠጣሉ። በጀሪካን አጠራቅሞ ለጋራዥ መስጠት ይሻላል።

ካንዴላው ሲፈታ መልኩ የሞተሩን ጤና ይናገራል። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል፤ ከነጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል ማለት ነው።

5ኛ፤ ጎማ፥ ፍሬንና ጭቃ

የጎማ ነፋስ የሚለካው ከጉዞ በፊት፥ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ለፊተኛው 25፥ ለኋለኛው ለብቻ ሲሄዱ 28፥ ሰው ሲያፈናጥጡ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይበቃል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ካላማዳሪውን አጣጥፎ ይበላል።

የሜዳችን ዋልካ አፈር በክረምት ምን እንደሚመስል ለወረታ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማውን አላዞር ይላል። ለገጠር የተሠሩ ሞተሮች የፊት ፓራፋንጎአቸው ከጎማው ከፍ ብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው። ዝቅ ያለው ፓራፋንጎ ያለው ሰው አንዲት አጭር እንጨት ይያዝ፤ ቆም እያለ ጭቃውን ይፈንቅልበታል።

ውሃ ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑ ርሶ አይዝም። ስለዚህ በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ደጋግሞ በመያዝ ማድረቅ ይገባል። ጥልቀቱ የማይታወቅ ጎርፍ ግን አይደፈር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀለቁትን ወላጆቻችን ያስታውሳሉ።

6ኛ፤ ዳገትና ቁልቁለት

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፥ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በወጡ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩም ከሞተሩ ኀይል አንድ ዐሥረኛው ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ዳገት ላይ ቢደክም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ ማርሽ መቀነስ እንጂ ጋዝ ማስጨነቅ አይረዳም። በመልሱ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ የሚወርዱ አሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ፍሬኑ ይግልና አልይዝም ይላል። በወጡበት ማርሽ መውረድ ይገባል።

7ኛ፤ ስለ መንገድ ዕቃ

ከዕቃ ሁሉ የሚቀድመው የራስ ቁር ነው። «የዐረቡ ሎሬንስ» በመባል የታወቀው እንግሊዛዊ ቲ. ኢ. ሎሬንስ በ1927 ዓ.ም. ያለ ራስ ቁር ሞተር ሳይክል ሲነዳ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ፤ በስድስተኛው ቀንም ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ፥ ሂዩ ኬርንስ፥ ነገሩን ሲመረምር ቆይቶ በ1934 ዓ.ም. የራስ ቁር ሕይወት እንደሚያድን የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ከእርሱ በኋላ የተሰበሰቡ ጥናቶች የራስ ቁር ከሞት አደጋ 42 በመቶ፥ ከራስ ጉዳት 69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይህም መቀነቻው ሲታሰር ነው፤ በክንድ አንጠልጥሎ መሄድ ክንድን እንጂ ራስን አያድንም። ለተፈናጣጩም ሁለተኛ ቁር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የጭነት መደርደሪያ ነው። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎና ወደ መካከል ቀርቦ፥ በግራና በቀኝ ተመዛዝኖ ይታሰር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው በችኮላ የታሰረ ገመድ ተፈቶ ወደ ጎማ ይገባል፤ የነጠላና የጋቢ ጫፍም እንዲሁ። ሦስተኛው አንድ ከረጢት መሣሪያ ነው፤ የዳዶ ቁልፎች፥ ፒንሳ፥ ካቻቪቴ፥ ትርፍ ካንዴላ፥ የካቴና መጋጠሚያ፥ የፍሪሲዮን ገመድ፥ የጎማ መለጠፊያና መንፊያ። ከዚያ በኋላ የእግር መከላከያ ብረት፥ መስተዋት፥ የዝናብ ልብስ ጥሩ ናቸው። የሚያብረቀርቅ አምፑል ግን ባትሪ ይጨርሳል፤ የሚመጣውንም ሰው ዓይን ያሳውራል።

እንግዲህ ወንድሜ አምፑሉን ፈትቶ ሸጧል። በደብተር ዘይት የተለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትሩን የምጽፍለት እኔ ነኝ። እናቴ ብዙ ወር ሞተሩን ላለማየት ፊቷን ታዞር ነበር፤ በጥር ወር ግን ለዘመድ ለቅሶ መሄድ ግድ ሆነባትና እንደገና ተቀመጠች። አስቀድማ ግን፥ «ካቴናውን አይታችሁታል ወይ?» ብላ ጠየቀችን። አይተነው ነበር። አንባቢዎቼም ከቤት ሲወጡ ይህንኑ ጥያቄ ራሳቸውን እንዲጠይቁ በትሕትና እለምናለሁ።