ድርቆሽ፦ በአንድ ብርጭቆ ፍል ውሃ የሚደርስ ምሳ

እሑድ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ጎጃም ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ በሚያስገቡት የገጠር መንገዶች ላይ ስንቅ የተሸከሙ ተማሪዎችን ማየት የተለመደ ነው። ከጃቢ ጠህናንና ከወንበርማ ቀበሌዎች ተነስተው፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው በተከራዩት ክፍል ሳምንቱን ሊማሩ ይገባሉ። የያዙት እናት የጋገረችው እንጀራ፣ በላስቲክ የታሰረ ሽሮና የተቋጠረ በርበሬ ነው። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይበላል። ሐሙስ ላይ ጠርዙ አረንጓዴ ነጥብ ያወጣል። ይህን የምታውቅ እናት ከእንጀራው ጎን ሌላ ከረጢት ታክላለች፤ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ፣ ሲያነሱት የሚቀል። ያ ድርቆሽ ነው፤ ተቆርሶ የደረቀ እንጀራ።

ስሙ ደረቀ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ገበሬው ለከብቱ አጭዶ የሚያደርቀውንም ሣር ድርቆሽ ይለዋል። ሁለቱም ለክፉ ቀን የሚቀመጡ ስለሆኑ ስሙን መጋራታቸው ተገቢ ይመስለኛል። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ነገሩን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው የቆሎ ተማሪው ነው። በዋሸራ፣ በጎንጂና በዲማ ቅኔ ሊማር የሄደ ልጅ፣ ከየደጁ ለምኖ ያመጣትን ኩርማን ያልጨረሳት እንደሆነ አድርቆ ያስቀምጣት ነበር። ኮቸሮ የሚላት እሷን ነው።

ዛሬ ፈጣንና ርካሽ ምግብ ሲባል የብዙ ወጣት ሐሳብ ወደ ኢንዶሚ ይሄዳል። ክፉ ምግብ ነው ለማለት አይደለም። ግን የሚሠራበትን ዘዴ ላስተዋለው፣ ድርቆሽ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሞሞፉኩ አንዶ የተባለው ሰው የመጀመሪያውን ፈጣን ኑድል ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው ነሐሴ 19 ቀን 1950 ዓ.ም. ነበር። ብልሃቱ ቀድሞ የበሰለውን ኑድል በዘይት ጠብሶ ውሃውን ማስወጣት ነው። ውሃው ሲወጣ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ በኋላ ፍል ውሃ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይገባና ኑድሉን በደቂቃዎች ውስጥ ያለሰልሰዋል። እንጀራ ግን ቀዳዳውን ከምጣድ ይዞ ነው የሚነሳው። እርሾው በሊጡ ውስጥ የፈጠረው አየር ምጣዱ ላይ እየፈነዳ ዓይን ያወጣል። ያ ዓይን ሲደርቅ የውሃ በር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለማድረቅ ዘይት አያስፈልገውም፣ ፀሐይ ይበቃዋል። አብሲት በወጉ ተጥሎበት ዓይኑ የበዛ እንጀራ ጥሩ ድርቆሽ ይወጣዋል፤ ዓይኑ የጠፋ እንጀራ ግን ውጩ ሲላቁጥ ውስጡ እንደ ደረቀ ይቀራል። በምዕራብ ጎጃም ጤፉ ከዳጉሳና ከበቆሎ ጋር ይደባለቃል፤ በቆሎ የበዛበት ቶሎ ይደርቃል፣ ሲነካ ግን ይፈረፈራል።

የድርቆሽ ጣዕም የሚለየው ምድጃ ላይ ሳይሆን በሚደርቅበት ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንጀራው ቀናት ቆይቶ፣ ኮምጥጦ፣ ሊበላሽ ሲል «ከሚጣል ይድረቅ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ቅቤም በርበሬም አያድነውም። የሻገተውማ ጭራሽ መድረቅ የለበትም። ፀሐይ ሻጋታውን ቢያደርቀው እንኳ ሻጋታው ያፈራውን መርዝ አያጠፋውም፤ ነጥቡን ቆርጦ ቀሪውን ማስጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ ሻጋታው ከሚታየው አልፎ ይገባልና።

ጥሩው ድርቆሽ ከተጋገረ በማግሥቱ ይቆረሳል። ቁራሹ የአውራ ጣት ያህል ይሁን፤ ከደረቀ በኋላ ልቆርሰው ያለ ሰው ግማሹን ዱቄት ያደርገዋል። ሰፌድ ላይ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሳይደራረብ አስጥቶ ከዝንብና ከአቧራ በስስ ነጠላ መሸፈን ነው። በበጋ ሁለት ቀን ፀሐይ ይበቃዋል፤ ማታ ማታ ጤዛ ሳይነካው ወደ ቤት ይገባል። ክረምት ላይ ያገራችን ሰማይ ይጨልማል፤ ያኔ መላው ምጣድ ነው። ጋግረው ሲጨርሱ በቀረው ግለት ላይ በትኖ፣ እያገላበጡ ማዋል። መድረቁን ጆሮ ይለየዋል፦ ሲሰብሩት ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ከጎበጠ ገና ነው። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ስለሆነ፣ የደረቀው ከረጢት ለልጅ ትከሻ እጅግ ይቀለዋል።

አሁን ወደ ተማሪው ክፍል እንግባ። አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያ። ሽንኩርቱ በደቃቁ ይከተፍና ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይቁላላል። ቀላ ሲል በርበሬው ይገባል፤ ወዲያው ውሃ ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ያረረ በርበሬ ይመራልና። የቡሬና የወንበርማ ገበሬ የሚያመርተው በርበሬ ቀለሙም ሽታውም የሚወጣው በዚህ ዝግ ያለ ቁሌት ውስጥ ነው፤ አሥር ደቂቃ ብትታገሡት ወጡ ሌላ ይሆናል። ከዚያ ጨው፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ፤ ይህ ከአንድ እንጀራ ለወጣ ድርቆሽ ይበቃል። ሲንተከተክ ድስቱ ይወጣል። ድርቆሹ የሚገባው አሁን ነው፣ እሳት ላይ እያለ አይደለም። አንዴ ብቻ ከታች ወደ ላይ ማገላበጥ፣ መክደን፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ መተው። ክዳኑ ሲነሳ መረቁ አልቋል፤ ቁራሹ ውስጡ ለስልሶ ጠርዙ ላይ ገና ጥርስ ይይዛል። ያ ጠርዝ ነው ለስላሳ እንጀራ ፍርፍር የማይሰጠው ነገር። በማማሰል ብዛት ያቦኩት እንደሆነ ይጠፋል።

በፍስክ ቀን መጨረሻ ላይ ከእናት የመጣች የንጥር ቅቤ ቁንጣሪ ትጨመር፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ በትኩሱ ይነሳል። ቅቤ ከሌለ ሁለት ዕንቁላል ቁሌቱ ላይ ሰብሮ መምታት ሆድ ይይዛል። በጾም ቲማቲምና ቃሪያ ይበቃሉ፤ ከሰልም ያለቀ ቀን በውሃ የተበጠበጠ ተልባ ወይም ሱፍ ላይ ድርቆሹን በትኖ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሶ መብላት ይቻላል። እሱ ለመራስ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሳት ግን አይፈልግም።

ልጃችሁ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ከተማ የሚመለስ ከሆነ፣ ቅዳሜን አትጠብቁ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ስትጋግሩ ከትኩሱ ሦስት እንጀራ ለይታችሁ፣ በማግሥቱ ቆርሳችሁ አስጡለት።