ቀይ ቀዩን ብቻ

በለቀማ ወራት ቦንጋ አካባቢ እሸት ቡና እረከባለሁ። ገበሬው ጆንያውን ሲያወርድ እጄን የምሰደው ወደ ሥሩ ነው፤ ቀዩ ሁሌም ከላይ ነዋ! አረንጓዴውን እየለየሁ ስመልስ፣ «ምን አለበት እህቴ፣ ሲደርቅ ያው ቡና አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። ያው አለመሆኑን ለማስረዳት ከሙዝ እጀምራለሁ።

ሙዝ አረንጓዴውን ተቆርጦ ቤት ውስጥ ይበስላል። ራሱ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያጠራቀመውን ስታርች ወደ ስኳር ያስለውጠዋል። አቮካዶማ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚበላው ከወረደ በኋላ ነው። ቡና ግን እንዲህ ያለ ስንቅ ይዞ አይወርድም። አረንጓዴው ተለቅሞ ቢከማች ቆዳው ሊቀላ ይችላል፤ ከዛፉ የሚመጣለት ምግብ ስለተቋረጠ ግን ውስጡ አይሞላም።

ዛፉ ለዚህ ሥራ ከ7 እስከ 9 ወር ይፈልጋል። በጋውን ተኝቶ የከረመው እምቡጥ ዝናብ ሲነካው ነጭ ያብባል፤ አበባው በጥቂት ቀናት ይረግፋል። ፍሬዋ መጀመሪያ ለሳምንታት ያደገች አትመስልም። ከዚያ ውኃ እየጠጣች ትፋፋለች፣ ቀጥሎ ውስጧ ይጠነክራል። መጨረሻ ላይ አረንጓዴው ቀለም ይፈርስና ቀዩ ይተካል፣ ሥጋዋ ይለሰልሳል፣ ዝልግልጓ ይጣፍጣል። በሁለት ጣት ስትጫን ውስጧ ፈትለክ ብሎ ከወጣ ደርሳለች።

በቦንጋ ዙሪያ ያለውና ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የካፋ ደን አረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ለመሙላት ጊዜ ያገኛል። ዝናቡ እየቆየ ሲመላለስ አበባውም በዙር ይወጣል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ በአንድ ቅርንጫፍ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ጠቁሮ የደረቀ ጎን ለጎን ይታያል። ቅርንጫፉን በእጁ ጠርጎ የሚያወርድ ሁሉንም ያደባልቃል። ቀዩን ብቻ የሚፈልግ ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ መመለስ ግድ ይለዋል።

መዘግየትም ጉዳት አለው። ከልክ ያለፈው መሬት ይወድቃል፣ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። የተለቀመው ቀይም ጆንያ ውስጥ ሳያድር በዕለቱ ወደ መፈልፈያ ወይም ወደ ማድረቂያ አልጋ መድረስ አለበት።

ገበሬው ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። ቸኩሎ የሚለቅመው ቸግሮት ነው። መስከረም ሲጠባ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይጠብቀዋል፤ ጫካ ውስጥ የቀላ ቡና ደግሞ ዝንጀሮም ሌባም ያየዋል። ለቀይ እሸት የተሻለ ዋጋ ካልተከፈለ «ትንሽ ጠብቅ» የሚለው ምክሬ ባዶ ነው። መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ዋጋ አለው።

አዲስ አበባ ያላችሁም ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ቡና ስትቆሉ ሌላው ጠቁሮ ነጣ ብላ የቀረች ፍሬ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሳትደርስ የተለቀመች ናት፤ እንደ እኩዮቿ ለመጥቆር የሚያበቃ ስኳር አላጠራቀመችም። ሳትወቅጡ ልቀሟት፤ ጥሬ ጥሬ የሚል ጣዕም የምታመጣው እሷ ናት። ከበዛችባችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ግዢ በደንብ ተለቅሞ የመጣውን ምረጡ፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ክፈሉ።