ዜማን አሳንሶ ስለማስቀመጥ

በማሽላና በሰሊጥ እርሻዋ የታወቀችው ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በገላባትና በመተማ በኩል ከኢትዮጵያ ጋር ትገናኛለች። የሁለቱ አገሮች ሙዚቃ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህም ምክንያት የመሐሙድ አህመድ ዘፈኖች በሱዳን፣ የመሐመድ ወርዲ ዘፈኖችም በኢትዮጵያ ብዙ አድማጭ አግኝተዋል። ዜማን ከወዲህ ወዲያ ለማድረስ ለብዙ ዓመታት ካሴት አገልግሏል። በተለይም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተቋቁሞ በ2020 ዳግመኛ እንደተከፈተው እንደ ኡም ራኩባ ባለ የስደተኞች ሰፈር ለተጠለለ ሰው፣ የአገሩ ዘፈን ያለበት ካሴት ምትክ የሌለው ንብረት ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ የካሴት ክር በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል፤ ስለዚህ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ያስፈልጋል። ታዲያ በምን ያህል ጥራት ይቀመጥ?

ኮምፒዩተር ድምፅን የሚመዘግበው በቁጥር ነው። በሲዲ ደረጃ ድምፁ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ስለሚለካ፣ የ60 ደቂቃ ካሴት 635 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ይህን መጠን በማመቅ ለመቀነስ ሁለት ዓይነት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው እንደ ፍላክ ያለው ሲሆን፣ ከድምፁ አንዳች ሳያጎድል መጠኑን ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ሁለተኛው እንደ ኤምፒስሪ ያለው ሲሆን፣ ጆሮ አይለየውም ተብሎ የሚገመተውን ድምፅ ይጥላል፤ ይኸውም ከበሮ በኃይል ሲመታ በአጠገቡ ያለው ቀጭን ድምፅ ስለሚዋጥ ነው። በዚህ ዘዴ ያው ካሴት በሰከንድ 320 ኪሎቢት ሲታመቅ 144፣ በ128 ሲታመቅ ደግሞ 58 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። መጠኑ ከዚህ እያነሰ በሄደ ቁጥር ግን የክራሩ አመታት ይደበዝዛል፤ የመሰንቆውም ድምፅ ይሻክራል።

የተጣለው ድምፅ ኋላ ቁጥሩን ከፍ በማድረግ አይመለስም። የታመቀውን ደግሞ ማመቅም ጉዳቱን ያባብሰዋል። ስለሆነም ከካሴቱ የተቀዳው የመጀመሪያ ቅጂ ምንም ሳይጎድልበት በፍላክ ተቀምጦ፣ በስልክ የሚደመጠውና ለወዳጅ የሚላከው አነስተኛ ቅጂ ከእርሱ ሊወጣ ይገባል። ገበሬ ለምግብ የሚሆነውን ማሽላ ያስፈጫል፤ ዘሩን ግን አያስነካም፤ ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆንምና።