ተጨማሪ መረጃ፦ አገር በዜማ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ትምህርት ቤቶች ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪዎች ተሰልፈው ብሔራዊ መዝሙር ይዘምራሉ። ፊደል ገና ያልለየ ሕፃን እንኳ ግጥሙን በቃሉ ይወጣዋል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ዜማው፣ ምቱና ቤት መምቻው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሕፃኑን ያስታውሱታል።

ብሔራዊ መዝሙር አገርን የሚወክል፣ ብዙውን ጊዜም በመንግሥት የጸደቀ መዝሙር ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚዘመረውን የኢትዮጵያ መዝሙር ግጥም ደረጀ መላኩ መንገሻ ጻፉ፤ ዜማውን ሰሎሞን ሉሉ ምትኩ ደረሱ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 4፣ መዝሙሩ ሕዝቦች አብረው ለመኖር ያላቸውን እምነትና የወደፊት የጋራ ዕድላቸውን እንዲያንጸባርቅ ይደነግጋል።

የአገር ፍቅር ግን በሰልፍ ሜዳ ብቻ አይዜምም። ኦሮሞዎች ጀግንነትን የሚያወድሱበት ጌራርሳ አላቸው፤ በአማርኛም ቀረርቶና ሽለላ አሉ። ልጆች እነዚህን ሲሰሙ የአያቶቻቸውን ታሪክ አብረው ይሰማሉ።

እስቲ ሞክሩ፦ አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤት አዛውንቶችን በልጅነታቸው ስለ አገር ምን ያዜሙ እንደነበር ጠይቁ። ከዚያም ስለ ከተማችሁ አራት ስንኝ ጽፋችሁ፣ አንዳችሁ አውራጅ፣ ሌሎቻችሁ ተቀባይ ሆናችሁ በጭብጨባ አዚሙት። በማግስቱ ሳታነቡ ስንቱን ስንኝ አስታወሳችሁ?