ፊሽካ የሌለው ሜዳ

ሰፈር ውስጥ ኳስ ተጫውቶ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። ሁለት ድንጋይ ተቀምጦ ጎል ሆኗል። ኳሷ ተመትታ አለፈች። አንዱ ወገን «ገብታለች!» ብሎ ይጨፍራል፤ ሌላው «በድንጋዩ ላይ ነው ያለፈችው!» ይላል። ዳኛ የለም። ወይ ይስማማሉ፣ ወይ ባለኳሱ ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ከፍ ብለን ትምህርት ቤት ወይም ክለብ ስንገባ ግን ፊሽካ የያዘ ሰው ይመጣል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነቱን መናገር የእኛ ሥራ መሆኑ ይቀራል። የተቃራኒውን ማሊያ የጎተተ ልጅ ዳኛው ካላየው ብልጥ ይባላል።

አልቲሜት ፍሪስቢ ያንን የሰፈር ሕግ እስከ ዓለም ሻምፒዮና ድረስ ይዞት የዘለቀ ስፖርት ነው። በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የአገራቸውን ማሊያ ለብሰው ለሜዳሊያ ይፋለማሉ፤ ጥፋት ሲሠራ የሚጠሩትም፣ የሚያምኑትም፣ የሚከራከሩበትም እነሱው ናቸው። ስለነዚህ ቡድኖች ማውራት የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። በውርወራቸው የሚደነቅ ይደነቅ፤ እኔን የገረመኝ አፋቸው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው መልኩ እንዲህ ነው። መጫወቻው 175 ግራም የሚመዝን፣ እንደ መመገቢያ ሳህን የሰፋ የፕላስቲክ ዲስክ ነው። ሜዳው 100 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ ግን 37 ሜትር ብቻ ነው። በሁለቱም ጫፍ 18 ሜትር ጥልቀት ያለው የማስቆጠሪያ ክልል አለ። ከየቡድኑ 7 ሰው ይሰለፋል። ዲስኩን የያዘ ሰው መሄድ አይችልም፤ አንድ እግሩን ተክሎ በሌላው እየዞረ ለጓደኛው መወርወር አለበት፤ ለዚያውም በ10 ሰከንድ ውስጥ። ከፊቱ የቆመው ተከላካይ ጮክ ብሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ይቆጥርበታል። ዲስኩ መሬት ከነካ፣ ከሜዳ ከወጣ ወይም ከተነጠቀ ለተቃራኒው ይሆናል፤ አጥቂ የነበረው በዚያው ቅጽበት ተከላካይ ነው። የቡድን ጓደኛ በማስቆጠሪያው ክልል ውስጥ ሲቀልበው አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ቀድሞ 15 የደረሰ ያሸንፋል።

ውርወራውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጀማሪ ልጅ ዲስኩን በክንዱ ጉልበት ሊገፋው ይሞክራል፤ ዲስኩም እየተንገጫገጨ ይሄድና ሦስት እርምጃ ሳይርቅ አፍንጫውን መሬት ላይ ይተክላል። የለመደው ልጅ አመልካችና መካከለኛ ጣቱን ከጠርዙ ሥር ከውስጥ በኩል ያስደግፋል፣ አውራ ጣቱን ከላይ ያሳርፋል፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ይሰበስባል፤ ከዚያ የእጁን አንጓ ብቻ ቀጭ ያደርጋታል። ጉልበቱ ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። እንዝርት ስትሾር ቀጥ ብላ እንደምትቆም ሁሉ ዲስኩም በሽክርክሪቱ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ጎበጥ ያለው ጀርባው ደግሞ እንደ ክንፍ አየሩን ተንተርሶ ያንሳፍፈዋል። ስለዚህ ኳስ ስትወድቅ እሱ ይንሳፈፋል፤ ሯጩም ሃምሳ ሜትር ሮጦ ከሥሩ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። ነፋስ ሲነሣ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ወጣት ቡድኖች በትልቅ ውድድር ላይ ሲንገዳገዱ ብዙ ጊዜ ነፋስ ያለበት ቀን ነው።

ጨዋታው የተወለደውም በልጆች እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ሜፕልዉድ በምትባል ከተማ፣ በኮሎምቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጆኤል ሲልቨር የተባለ ተማሪ ፍሪስቢ በትምህርት ቤቱ እንዲጀመር ለተማሪዎች ምክር ቤት ሐሳብ አቀረበ። በኋላ «ዳይ ሃርድ»ንና «ዘ ማትሪክስ»ን ያዘጋጀው የሆሊውድ ፕሮዲውሰር ራሱ ነው። ልጆቹ ማታ ማታ መብራት ባለው የትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ይጫወቱ ነበር። በ1970 ሚልበርን ከሚባለው ጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ገጥመው 43 ለ10 አሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሩትገርስና ፕሪንስተን የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያ አደረጉ፤ ሩትገርስ 29 ለ27 ረታ። «ፍሪስቢ» የአንድ ኩባንያ የንግድ ምልክት በመሆኑ ስፖርቱ በይፋ የሚጠራው «አልቲሜት» ተብሎ ነው።

ዛሬ ዓለም አቀፉ የፍላይንግ ዲስክ ፌዴሬሽን ይመራዋል። ፌዴሬሽኑ በ1985 ተመሠረተ፤ ከዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሙሉ እውቅና ያገኘው በ2015 ነው፤ ስፖርቱ ግን እስካሁን በኦሊምፒክ አልተካተተም። የወጣቶቹ ሻምፒዮና በ2012 ደብሊን፣ በ2014 የጣሊያኗ ሌኮ፣ በ2016 የፖላንዷ ቭሮትስዋፍ፣ በ2018 የካናዳዋ ዋተርሉ ተካሂዷል። የ2020ው ስዊድን ማልመ ላይ ሊደረግ ታስቦ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ከዚያ በ2022 ወደ ቭሮትስዋፍ ተመለሰ፤ በ2024 ደግሞ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ገባ። ያ የተሰረዘው ዓመት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አዋቂ ተጫዋች ቢያመልጠው የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ 19 ዓመት የሞላው ልጅ ግን ያቺ የመጨረሻ ዕድሉ ነበረች።

አንድ ልጅ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ በአገሩ የምርጫ ልምምድ ይፈተናል፤ ከተመረጠም በብዙ አገር የአውሮፕላኑንና የማደሪያውን ወጪ የሚሸፍኑት ልጁና ቤተሰቡ ናቸው። ይህ የስፖርቱ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል፤ ገንዘብ ያለው ቤት ልጅ መንገዱ ይቀልለታል። ሌላው ፈተና የሕግ ፈተና ነው። ዳኛ ስለሌለ ሕጉን ማወቅ ያለበት እያንዳንዱ ተጫዋች ነው፤ ፌዴሬሽኑ በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ላይ ለመሰለፍም የሕግ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው።

እንበልና ውጤቱ 14 ለ14 ነው። አንድ ነጥብ የቀረው ጨዋታ። አንዲት የኮሎምቢያ ልጅ ከማስቆጠሪያው መስመር አምስት ሜትር ላይ ዲስኩን ልትቀልብ ዘለለች፤ የጃፓኗ ተከላካይም አብራ ዘለለች፤ ክንድ ከክንድ ተነካካ፤ ዲስኩ ወደቀ። የኮሎምቢያዋ «ፋውል!» አለች። ይህን መጥራት የምትችለው ተነካሁ የምትለው እሷ ብቻ ናት። ሁሉም ባለበት ቆመ። ሁለቱ ልጆች ተቀራረቡ። አንዷ ስፓኒሽ፣ ሌላዋ ጃፓንኛ ተናጋሪ ናት፤ ነገር ግን በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ የእጅ ምልክት አላቸው። አንዱን ክንድ ዘርግቶ በሌላው ቆረጥ ማድረግ ጥፋት ማለት ነው። ሁለቱን ጭብጦች ደረት ፊት ለፊት ማጋጨት «አልቀበልም» ማለት ነው። መዳፍን ወደ ላይ ገልብጦ እጅን መዘርጋት «አምናለሁ» ነው። የጃፓኗ ልጅ ካላመነች ዲስኩ ወደ ወረወረችው ተጫዋች ይመለሳል፤ ካመነች ተቃራኒዋ እዚያው፣ ከድል አምስት ሜትር ላይ ትይዘዋለች። አሰልጣኟ ከዳር ሆኖ ሊወስንላት አይችልም። በትልልቅ ግጥሚያዎች ላይ የጨዋታ አማካሪ የሚባሉ ሰዎች በሜዳው ዳር ይቆማሉ፤ ሕጉን ያብራራሉ እንጂ እነሱም አይፈርዱም።

እዚያ ቦታ ላይ የቆመችው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። አገሯ ከኋላዋ አለ። መዳፏን ትገለብጣለች ወይስ ጭብጧን ታጋጫለች?

አንዳንዱ ልጅ እንደሚዋሽ አውቃለሁ፤ ከመዋሸትም በላይ የሚከፋው በሩጫ ግለት ሰው የፈለገውን ማየቱ ነው። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ የፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ሊግ ሲቋቋም ዳኛ ያስገባው፤ በአገሪቱ ትልልቅ ውድድሮች ላይም አለመግባባቱን የሚቋጩ ታዛቢዎች አሉ። የእነሱ ምክንያት ይገባኛል። ለተመልካች ክርክር ይሰለቻል፤ ጨዋታውም ይጓተታል። ለወጣቶች ግን ዳኛ እንዳይመጣ እመኛለሁ። ሰው በሌላ ሰው ላይ ተቆጥቶ ሳለ ዓይኑን እያየ በዝግታ መናገርን የሚለማመድበት ቦታ ስንት አለ?

በእስራኤል ከ2009 ጀምሮ አልቲሜት ፒስ የተባለ ድርጅት አይሁድና ዐረብ ልጆችን በአንድ ቡድን እያሰለፈ ሲያጫውት የመረጠው ይህንኑ ስፖርት ነው። የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አብረው ለመጫወት ሲሉ መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል።

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች የተቃራኒውን የጨዋታ መንፈስ በነጥብ ይመዝናሉ። መመዘኛው አምስት ነው፦ ሕጉን ማወቅና መጠቀም፣ የሰውነት ንክኪን መጠንቀቅ፣ ፍትሐዊነት፣ በጎ ጠባይና ራስን መግዛት፣ እንዲሁም አነጋገር። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ 2 ማለት ደኅና፣ የሚጠበቀው ማለት ነው። ከ20 ላይ 10 ያገኘ ቡድን እንግዲህ አልተዋረደም። በውድድሩ ፍጻሜ ከፍተኛውን ያገኘው ቡድን ይሸለማል። ይህን የሚከታተል «የመንፈስ አምበል» የሚባል ልጅ በየቡድኑ አለ፤ አንድ ጓደኛው በስሜት ሲጮህ ትከሻውን ይዞ ወደ ዳር የሚያወጣው እሱ ነው።

ነጥቡ ከመሞላቱ በፊት ግን ክቡ አለ። ጨዋታው እንዳለቀ ሁለቱ ቡድኖች ተደባልቀው፣ አንድ የዚህ አንድ የዚያ እየሆኑ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ክብ ይሠራሉ። ላባቸው አልደረቀም፤ የተሸነፉት አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። የአንዱ ቡድን አምበል መሐል ገብታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ትናገራለች። ብዙ ጊዜ ትንሽ ስጦታ ይዛ ትመጣለች፤ ከአገሯ ያመጣችው የእጅ አምባር ወይም ዲስክ ሊሆን ይችላል። በማሊያ ቁጥር ጠርታ ከተቃራኒው ቡድን አንዲቱን ልጅ ወደ መሐል ታወጣታለች። «ስትነኪኝ ማንም አላየም ነበር» ትላታለች፣ «አንቺ ግን ነገርሽኝ።» ክቡ በጭብጨባ ይናወጣል፤ ልጅቷም አንገቷን ደፍታ ስጦታዋን ተቀብላ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።